ፉሪ በ2100 ዓ.ም.

ፉሪ፣ መስከረም 29 ቀን 2009

ከድሩ ወንድሜ፣

መንገዱም ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ይኸው አራተኛ ቀኔ፤ ታክቶኛል። ያረፍኩት ባጫ ቤት ነው፤ ያ በሥዕል የሚተርከውን ኮሚክ በስልካችን የምንከታተልለት ልጅ። ትናንት አዲሱን ክፍል መጫን ቢያቅተው በወረቀት ዘረጋልን፦ ፉሪ በ2100፣ ፎቅ በፎቅ፣ ሚኒባሱ በሰማይ።

ክርክሩ ቡታጅራ እናንተ ቤት እንደምናደርገው ጦፈ። እኔ «ሚኒባሱ በራሱ ከበረረ ረዳት ምን ይሠራል?» ስል፣ ጎረቤቱ ገለቴ «ታዲያ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› የሚለን ማን ሊሆን ነው?» አለችኝ። ሳቃችን ሳያልቅ የባጫ አባት ኦቦ ቢቂላ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን አዩና «የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«አባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አለ ባጫ።

«መሬታችንን ሊወስድ የመጣው ማስተር ፕላንም ወረቀት ነበር» አሉና ወጡ። ክርክሩም በዚያው ቀረ።

እናትህን ሰላም በልልኝ፤ መንገዱ እንደተከፈተ እመጣለሁ። ቦታ አለቀብኝ። ይህን የጻፍኩበትን ካርድ ገልብጠው፤ ባጫ ከዚያው ሥዕል ቆርጦ የሰጠኝ ነው። ፎቁ ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ዛሬ ጠዋት ነው በእስክሪብቶ የጨመራት። ኦቦ ቢቂላ አይተዋት «ማሳውስ?» አሉት።

የህያ