በስምህ የተጻፈው ነፍጥ

ውድ ልጄ ገብረአብ፣

ከዜማ ቤትህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እናትህ ግን ካኮረፈችኝ ሰንብታለች። እጄ እርፍ እንጂ ብርዕ ስለማያውቅ ይህን የሚጽፍልኝ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ነው። ቃሌን እንዳያሳምርብኝ፣ ያልኩትን ብቻ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

በጥቅምት አሊዩ አምባ ወርጄ ከአንድ ነጋዴ ስናድር ጠመንጃ ገዛሁ። ሰውየው የተሰረቀ እንዳልሆነ ወላሂ ብሎ ምሎልኝ፣ ዋሱንም ይዞ አንኮበር ድረስ አብሮኝ ወጣ፤ የተገዛ ነፍጥ ሁሉ ሻጩና ዋሱ ባሉበት ይመዝገብ ተብሏልና። ጸሐፊው በማን ስም ልጻፈው ሲለኝ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያለው አባት ምን ይላል? እንደ ርስት መስሎኝ፣ ስሞት ዘመድ እንዳይሻማብህ ብዬ፣ በልጄ ስም ይሁን አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ። ነፍጡን የገዛሁት ላንተ ማባበያ ነው። ስታየው ዜማውን ትተህ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። የሄድክ ዕለት «እኔ ወንድ የወለድኩ መስሎኝ» ያልኩህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።

አሁን የዘመቻ አዋጅ ተነግሯል፤ ወደ ሐረር ነው። ለካ መዝገቡ የርስት አይደለም፤ ነፍጥ በስሙ የተጻፈለት ሰው ነው የሚዘምተው። እናትህ ይህን ስትሰማ «በገዛ አፍህ ልጄን ሰጠኸው» አለችኝ። ስምህን እንዲፍቅልኝ ጸሐፊውን ብለምነው ባለስሙ ራሱ ካልመጣ አይሆንም አለ። አንተ ከመጣህ ደግሞ እዚያው ሊያስቀሩህ ነው። ስለዚህ አላስጠራሁህም።

ትናንት የዘማች ስም ተጠራ። ገብረአብ ሲባል አቤት ብዬ ነፍጡን ይዤ ወጣሁ። ጸሐፊው ሽበቴን አየ፣ መዝገቡን አየና «ዕድሜ ይስጥህ፣ ገብረአብ» ብሎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ዛሬ ጠዋት እናትህን ሳታናግረኝ ለስንቄ በሶ ስትፈጭ አገኘኋት።

እንዳትመጣ። ዜማህን ጨርስ። በደህና ከተመለስኩ ደጅህ ድረስ መጥቼ ስታዜም እሰማለሁ፤ አንድም ቀን ሰምቼህ አላውቅም።

ገብረአብ ሐረር ላይ ወደቀ የሚል ወሬ ከደረሰህ ግን፣ ለእናትህ ቶሎ ሄደህ ታይላት። ካህናቱ ፍትሐቱንም በስምህ እንዳያደርጉት ንገራቸው። የክርስትና ስሜን ነግሬህ አላውቅም፤ ገብረመንፈስቅዱስ ነው።

አባትህ አበባው
አንኮበር፣ ኅዳር ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.