የአባባ ካንዴላ

ጅዳ ላለሽው አለቃዬ፣ ለእህቴ ለቶይባ፤ የሚቆጣው አጥቶ ከወፈረው ወንድምሽ ከዊልስደን ብዙ ሰላምታ ይድረስሽ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

አባባ ያንን አሮጌ የጀልባ ሞተር በረንዳ ላይ ፈተው ሰርቪስ እያደረጉ ነው። እንደ ልማዴ እሳት ሰጥቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ካንዴላ ደበቅሁባቸው። ድሮ «አምጣ፣ አንተ ሌባ!» ብለው ኪሴን ይበረብሩ ነበር፤ ትናንት ግን «ይቅርታ ልጄ፣ የት እንደጣልኩት ጠፋኝ» አሉኝ። ቶሎ መለስኩት። ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ካልተቀላቀለ ሞተሩ እንደሚቃጠል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ሳያዩኝ ቀድሜ የምቀላቅለው እኔ ነኝ። አዲሱ ተንኮሌ ይኸው ነው፤ እንዳትነግሪያቸው።

የዒዱን ቲኬት ለዚህ ወር ቼንጅ አድርጊው። ስትገቢም «ቶይባ ነኝ» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ ለጨዋታ ያህል።

እስክንገናኝ አላህ ይጠብቅሽ።

ካንዴላ መደበቅ የተወው ወንድምሽ፣ አክረም