በፍሬሙ ልክ ስለተቀነሰው የባለቤቴ እጅ

ለተከበሩ የልብስ ስፌትና ጥልፍ ማሰልጠኛ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

በቅድሚያ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ስሜንም ጊዜ ቢወስድብኝ ራሴ እጽፋለሁ። ይህ ደብዳቤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የልጅ ልጄ ላርምልህ ብትለኝ እምቢ ብያታለሁ። ድሮ ልጄ፣ አንቺ እልዎት ነበር፤ አሁን መሃላችን ወረቀት ስለገባ እርስዎ ማለቱ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደብዳቤው በርዎ ላይ ስለሚለጠፍ ለአላፊ አግዳሚው ነገሩን ላስረዳ። ሟች ባለቤቴ በዚህ ማሰልጠኛ ሃያ ዓመት አስተምራለች፤ እርስዎንም መርፌ ያስያዘችዎ እሷ ናት። የቤተሰባችንን ሰው ሁሉ እጅ ወረቀት ላይ እያሰመረች፣ እያንዳንዱን በልኩ በጥልፍ መኪና እየጠለፈች፣ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጠመች የአልጋ ልብስ ስትሠራ ስምንቱን ጨርሳ ዘጠነኛው፣ የራሷ እጅ፣ ቀረ። እሱን እርሳስ ይዤ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ጣቶቿ አብጠው፣ የቀለበት ጣቷ አልዘረጋ ብሎ፣ አንዴ እየሳቅን አንዴ ጣቷን እያሸሁላት። በቀብሯ ዕለት ትከሻዬን ይዘው፣ ለቀስተኛው እየሰማ፣ “የእማማን እጅ ከእኔ በቀር ማንም አይሰፋውም” አሉኝ፤ እኔም ሞኙ ወረቀቱን ሰጠሁዎት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ትልቁ ፍሬም ስለተሰበረ ንድፉን በትንሹ ልክ በኮምፒውተር ቀንሰውልኛልና አመሰግናለሁ። ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩና ድንጋይ ለቦታው ሲጠረብ አውቃለሁ፤ ሰው ሲጠረብ ግን ገና ማየቴ ነው። አርባ ሰባት ዓመት የያዝኩት እጅ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ሆኖ መጣልኝ።

፪. መጠኑ ሲቀነስ የስፌቱ ብዛት ስላልተቀነሰ ያ ሁሉ ክር ጠባብ ቦታ ላይ ተደራርቦ መርፌ ሰብሯል፤ ጨርቁም እንደ ጣውላ ደርቋል። ለብርድ ባይሆነኝ ለጣሪያ ይሆነኛል።

፫. እጁ በሁለት ተከፍሎ፣ መጀመሪያ መዳፉ፣ ከዚያ ጨርቁ ተነሥቶ በጠመኔ ምልክቱ ላይ እንደገና ተወጥሮ ጣቶቹ ሊሰፉ እንደሚችሉ ሳስረዳ፣ ባለሙያዎ ወንበር ስቦ አባባ ይረፉ አለኝ። የእኔ እጅ በትልቁ ፍሬም እንኳ አልገባ ብሎ ባለቤቴ የሰፋችው እንዲያ ነበር፤ ያኔ ጨርቁን ከወዲያ በኩል ይዘውላት የነበሩት እርስዎ ነዎት።

፬. ይህችን ልተዋት ነበር። ጥልፉን ስረከብ እርስዎ ራስዎ አንድ ወረቀት አነበቡልኝ፤ “መቀበልዎን ብቻ ነው የሚለው፣ አባባ” አሉኝና ፈረምኩ። ቤት ስገባ የልጅ ልጄ አነበበችው፤ መጠኑ እንዲቀነስ እኔው ጠይቄ፣ ሥራውንም ወድጄ መረከቤን ይላል። ፊደል እንደሚያስቸግረኝ የሚያውቁት ከገበታዬ ስለበሉ ነው። ባዕድ ቢያታልለኝ አይደንቀኝም ነበር፤ እኔ ግን አንብቢልኝ ያልኩት ልጄን ነው።

አሁንም ያሰመርኩት ወረቀት ለማስረጃ በሚል ፋይልዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሌላ ወረቀት የለኝም፤ የሚሰመር እጅም የለኝም። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይታጠፍ በጥበቃው በኩል እንዲቀመጥልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ካላገኘሁትም ማክሰኞ፣ ረቡዕም ደጅዎ ላይ ነኝ።

የቀረውን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ፦ ለመኪናው የተሰበረውን መርፌ፤ ለባለሙያው ስቆጣ ላመለጠኝ ቃል ይቅርታ፤ ለልጅ ልጄ በእኔ ፊርማ ላነባችው እንባ አንድ ማብራሪያ፤ ለባለቤቴ ዘጠነኛውን ቁራጭ፣ በእጅ መርፌ፣ በልኩ፣ የቀለበት ጣቷ እንደታጠፈ።

ከወንበርዎ ፊት ቆሜ፣ ጎንበስ ሳልል፣ የሚገባዎትን አክብሮት ሁሉ አቀርባለሁ፤
ድንጋይ ጠራቢው፣ የመምህርትዎ ባል

ማስታወሻ፦ ከባለቤቴ ወረቀቶች መካከል “ዐሥረኛ” ብላ ያስቀመጠችው የእርስዎ እጅ ተገኝቷል። ቃሏ ነውና እሱንም እሰፋዋለሁ። ለክቼዋለሁ፤ ትንሹ ፍሬም ውስጥ ምንም ሳይቀነስ ይገባል።