ሰማያዊ ዕጣ ለወጣላት ፍየሌ መድኃኒት ስለመለመን

ለተከበሩ የሰብል በሽታ፣ የእንስሳት ጥገኛ ትላትልና የደም ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣
ሃርጌሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚነሳላቸው የናሙና ማቀዝቀዣዎችዎ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኔ በቁሜ አለሁ። ፍየሌ ግን ደህና አይደለችም፤ ይህንን እንኳ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፣ በየጊዜው እየመጣችሁ ጽፋችሁታልና።

ስሜ ሀረገወይን ነው። በአያሃ ሰፈር የምኖር፣ ባሌ ዘነበ በበርበራ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩ ሴት ነኝ። በአማርኛ ስለጻፍኩልዎ አይቀየሙኝ። ለፍየሎቹ ጥናት ያስፈረማችሁኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የእናንተው ዶክተር ዓብዲፈታሕ ጅግጅጋ ያደጉ ሰው ናቸውና በሚጥም አማርኛ አስረዱኝ፣ እኔም አምኜ ፈረምኩ። አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ይሁንና የእኔን አማርኛ በእሳቸው በኩል እመኑልኝ። በስደተኞች ማኅበራችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ያወጣሁትም ወድጄ አይደለም፤ የግቢያችሁ ዘበኛ ቀጠሮ የሌለው አይገባም፣ ቀጠሮ የሚሰጠው ደግሞ ውስጥ ነው ስላለኝ ነው።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁ።

1ኛ. ስለ ዕጣው አመሰግናለሁ። ዝናቡ እንዳቆመ ባለሙያዎችዎ ወደ ሰፈራችን መጥተው ፍየል ያለንን ሴቶች ሰበሰቡና ከከረጢት በፍየል ጆሮ የሚንጠለጠል ባለቀለም ፕላስቲክ አስወጡን። ቢጫ የወጣላት ፍየሎቿ የትል መድኃኒት ይጠጣሉ፤ ሰማያዊ የወጣላት ደግሞ ጥናቱ እስኪያልቅ ምንም ሳይሰጣቸው ከቢጫዎቹ ጋር ይነጻጸራሉ። ለጎረቤቴ ለሻምሶ ቢጫ፣ ለእኔ ሰማያዊ ወጣ። ከዋሄን ገበያም ቢሆን መድኃኒት ገዝቼ እንዳልሰጥ፣ አንዷ ቃሏን ካፈረሰች የሰፈሩ ውጤት እንደሚበላሽና መጨረሻ ላይ ለሰማያዊዎቹ ሁሉ የታሰበው መድኃኒት ሊቀር እንደሚችል ተነገረን። ስለዚህ እኔ የያዝኩት የእኔን ፍየሎች ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቶቼንም ጭምር እንጂ። ይህን ያህል ኃላፊነት ለአንዲት ስደተኛ ሴት የሰጣት የለምና ክብሩ ይሰማኛል።

በዚያው ዕለት ዶክተሩ ስለ ማዕከሉ ሌላ ሥራ አጫወቱን። በበሽተኛ ደም ውስጥ አርኤንኤ የሚባል እጅግ ደቃቅ ነገር አለ፤ ከእሱ ውስጥ ፕሮቲን የማይሠራው ወገን ለብዙ ዘመን ሥራ ፈት ነው ተብሎ ተንቆ ኖሮ፣ አሁን ግን ሰውነት ውስጥ ማን እንደሚሠራ ማን እንደሚያርፍ ከሚያዙት አንዱ እሱ መሆኑ ታወቀ አሉን። ደስ አለኝ። ሥራ ፈት ተብሎ የተናቀን ነገር እንዲህ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጥ ማዕከል፣ አንድ ቀን እኔንም ያዳምጠኛል ብዬ አሰብኩ።

2ኛ. ስለ ክትትሉም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባለሙያዎችዎ በመጡ ቁጥር የፍየሎቼን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው ውስጡን ከቀይ እስከ ነጭ አምስት ደረጃ ካለው የቀለም ካርድ ጋር ያስተያያሉ። ቀይ ከሆነ ደህና ናት፣ ከነጣ ትሉ ደሟን ጨርሶታል ማለት ነው። የእኔዎቹ መጀመሪያ ቀይ ነበሩ፣ ከዚያ ሮዝ ሆኑ፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ነጡ፣ መንጋጋቸው ሥርም ውሃ ቋጠረ። እያንዳንዱን ለውጥ በጥንቃቄ መዝግባችሁ፣ ስለ ትብብሬ አመስግናችሁኝ ሄዳችሁ።

3ኛ. ሦስቱ ፍየሎቼ ተራ በተራ ሲሞቱ በዚያው ቀን ደረሳችሁ። ስልኬን የማታነሱት ሰዎች ስለ ሞት ስደውል መኪና ይዛችሁ ከች ማለታችሁ አስገርሞኛል። ጨጓራቸውን ቀድዳችሁ በበረዶ ሳጥን ወሰዳችሁ፤ አንዱ ወጣት ባለሙያችሁ በጣም ጥሩ ናሙና ነው ብሎ አጽናናኝ። ለቅሶ ደርሰውኝ ከሄዱት ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረኝ የለም።

4ኛ. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ እንኳ ቀልዱ ይቅርብኝ። ልጄ ኪዳናዊት በርበራ ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ፣ የዘጠኝ ወር ልጇን ትንሳኤን የማሳድገው እኔ ነኝ። የቆርቆሮ ወተት ያስቀምጣታል፤ የሚስማማት የፍየል ወተት ብቻ ነው። የቀረችኝ አንዲት ፍየል ቡላ ትባላለች፤ ጡቷ ደረቀ። ሻምሶ ይህን ስታይ፣ እዚህ አገር ሕፃን ላለበት ቤት የምትታለብ ፍየል ማዋስ ወግ ነውና፣ ከቢጫዎቹ አንዷን እየጎተተች መጣች። እኔ ፈርቼ የጥናቱ ናት ብላት፣ "ጆሮዋ የእነሱ ነው፣ ጡቷ የእኔ ነው፤ ወላሂ ልጅቷ ሳትጠጣ አልወስዳትም" አለችኝ።

ትንሳኤ ጥቂት ቀን ጠጣችልኝ፤ ጉንጯም ሞላ አለ። ከዚያ ባለሙያዎችዎ መጥተው በሰማያዊ ቤት ቢጫ ጆሮ አገኙ። ቡድኖቹ ተቀላቀሉ ተባለ፣ ፍየሏ ከሕፃኗ አፍ ተነጥቃ ተመለሰች፣ ሻምሶም ደንብ አፍርሳለች ተብላ ከመድኃኒቱ ተሰረዘች። ክቡርነትዎ፣ የተማረ ሰው ሁሉን አስቦ ደንብ ያወጣል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ፍየል ያውሳል ብሎ ማሰብ ግን ለካ ከባድ ነው።

ልጅቷ አሁን ማታ ማታ እንኳ አታለቅስም። አለቀሰች ብዬ ብጽፍልዎ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ዝም ብላ ጣቷን ትጠባለች።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቡላ መድኃኒት እንድትጠጣና ጎረቤቶቼ ግን በእኔ ምክንያት የመጨረሻውን መድኃኒት እንዳያጡ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ያስፈረማችሁኝ ወረቀት በፈለግሽ ጊዜ መውጣት ትችያለሽ ይላል ብለውኛል ዶክተሩ። መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ በበሩ በኩል እንዳልሆነ ዘበኛዎ አስረድቶኛል።

የፍየሎቼንም ጨጓራ፣ የልጅ ልጄንም ቁርስ ለእውቀት አሳልፌ የሰጠሁ፣ ቀለም ካርዱ ቢደርስላት ራሷም አምስተኛው ነጭ ላይ የምትገኝ፣ ትሁት ማነጻጸሪያዎ
ሀረገወይን፣ ከአያሃ

ድኅረ ጽሑፍ (ገጹ ላይ ካወጣሁት በኋላ የጨመርኩት)፦ መልስዎን ስጠብቅ ቡላ ዛሬ ጠዋት ተኛችና አልነሳ አለች። ሻምሶ ከዋሄን መድኃኒቱን ገዝታ መጣች፤ እሷ አፏን ያዘች፣ እኔ አጠጣሁ። ሌሎቹ ሰማያዊ ሴቶችም በሩ ላይ ቆመው አዩን፤ አንዳቸውም ተዪ አላለችኝም። በቅጻችሁ ላይ ምክንያት የሚል ቦታ ካለ "ሕፃን ራባት" ብላችሁ ሙሉልኝ፣ ቦታው ከጠበበ "ራባት" ይበቃል። ፍየሏ እስካሁን አልተነሳችም። ሳትነሳ ብትቀር የበረዶ ሳጥኑን ይዛችሁ እንዳትደክሙ፤ የዚህችኛዋ ሆድ ውስጥ ያለውን እኔው እነግራችኋለሁ፤ መድኃኒት ነው፣ ዘግይቶ የገባ።