ለያሬድ፣ ስለ ጨረታው ውጤት

ያሬዴ፣ የልጄ አባት፣

መንፈቅህ አልፎ ሙት ዓመትህ እየተቃረበ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ምርመራ ላይ ነበርኩ፤ ስላንተ የምጽፈው ሁሉ ሊያስጠይቀኝ ይችል ነበር። ባለፈው ሳምንት አበቃ። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ያው ቫይትቬት ሰፈር ነን፣ ቤቱን አልለቀቅንም። ልጃችን ማኅሌት ቁመቷ እኔን አልፏል። ሰማያዊውን ሹራብህን እጅጌውን እያጠፈች ትምህርት ቤት ትለብሰዋለች፤ ታጥቦ ጠረንህ እንዲጠፋባት አትወድም። በረንዳው ላይ የተከልከውን ጎመን የመጀመሪያው ውርጭ ወሰደው። እሁድ እሁድ ከቬስትሊ በቲባነ ባቡር እየመጣች ትጠይቀን የነበረችው እህትህ እትዬ ጽጌ ግን ከቀብርህ በኋላ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም ነበር። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አንተ የምታውቀውንም እጽፋለሁ፤ ማኅሌት አንድ ቀን ይህን ማንበቧ አይቀርም። ይህች የምንኖርባት አገር ከራዳር የሚሰወር ተዋጊ ጄት ልግዛ ብላ ጨረታ ስታወጣ ሁለት የውጭ አምራቾች ቀረቡ። ማንም ያሸንፍ፣ ከሥራው ከፊሉን ለዚህ አገር ድርጅቶች ማካፈል ነበረበት። ያንተ ድርጅት ከአንደኛው ጋር ገባ፣ የእኔ ከሌላው ጋር። ያንተው ባለ ሁለት ሞተር፣ ሰፊ፣ ሩቅ የሚበር ነበር። የእኔው ባለ አንድ ሞተር፣ ጭራ የሌለው፣ ቀለል ያለ። አንተ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቱቦ ትሠራ ነበር። ሞተር ፊት ለፊት ከታየ የራዳርን ሞገድ እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ስለዚህ ቱቦውን አጣምሞ ሞተሩን መሸሸግ ያንተ ሙያ ነበር። እኔ ደግሞ ሞገድ የሚውጠውን ቀለም በብርድና በጨው እፈትን ነበር።

ባልና ሚስት በሁለት ተፎካካሪ ወገን መሆናችንን ለአለቆቻችን አሳወቅን። ቤት ውስጥም ጨረታው እስኪለይ ስለ ሥራ ትንፍሽ ላንል ቃል ገባን። ራት ላይ ፊትህ ጠቁሮ ሳይ «ዛሬ ቱቦው እምቢ ብሎታል» እላለሁ በልቤ፤ አልጠይቅህም። ማኅሌት «ተጣልታችኋል እንዴ?» ብላ ስትቆጣን የሳቅነው ትዝ ይለኛል። ዝም ተባብለንም እንዋደድ ነበር።

ከዚያ ሳንባህን ያ በሽታ ያዘህ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝተህ፣ ትኩሳቱ እያነደደህ መናገር ጀመርክ። በአማርኛ፣ ስለ ቱቦው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደሰማሁ ብድግ አልኩ። እትዬ ጽጌን «ስለ ሥራው እያወራ ነው፣ እኔ መስማት የለብኝም። ዝም ሲል ጥሪኝ» አልኳትና ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ድምፅህ በበሩ በኩል ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አሁን ትጠራኛለች፣ አሁን እገባለሁ እያልኩ ስጠብቅ የሰማሁት የእትዬ ጽጌን ጩኸት ነው።

በቀብርህ ላይ አቅፋኝ ነበር፤ ሰውነቷ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። «ባሏ ሲያጣጥር ለጄት ብላ ጥላው ወጣች» ማለቷን ከሰው አፍ ሰማሁ። ምን እላታለሁ? ወጥቻለሁ።

አለቃህ ሮአር ሣጥንህን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከወራት በኋላ ሁለቱም አምራቾች የመጨረሻ የተሻሻለ ንድፋቸውን አቀረቡ፤ የእኛ ወገንም አዲስ ቱቦ ይዞ መጣ። አስተጣጠፉ ያንተን ይመስላል። ሮአር ቅሬታ አስገባ፣ በቅሬታው ላይ የእኔ ስም ነበረበት።

አለቃዬ ኢንግሪድ ዓይኔን ሳታይ የመግቢያ ካርዴን ተቀበለችኝ። «አምንሻለሁ፤ እስኪጣራ ግን ቤትሽ ቆዪ» አለች። የምሥጢር ፈቃዴ ከተሰረዘ በዚህ ሙያ ዳግመኛ እንጀራ አልበላም። ከዚያ የባሰብኝ ግን ያንተ ስም ነው። ወይ አንተ ድርጅትህን ከድተሃል፣ ወይ እኔ ከሞት አልጋህ ላይ ሰርቄሃለሁ። ሰው የሚያስበው ሌላ ሦስተኛ ነገር አልነበረም።

መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ የምትጠይቀው ሴትዮዋ ናት። ትሕትናዋ ከቁጣ ይብሳል። «ባልሽ አልጋ ላይ ምን ያወራሽ ነበር?» አለችኝ። ስለ ልጃችን፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ በክረምት ስለሚናፍቀው ፀሐይ አልኳት። ያንን ለማያውቁን ሰዎች መዘርዘር ልብስ እንደማውለቅ ሆነብኝ።

«በሆስፒታሉስ?» አለች።

ያሬዴ፣ «ምንም አልተናገረም» ብል ያልፍልኝ ነበር። ስለ ሥራህ መናገር መጀመርህን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ መውጣቴን ነገርኳት። ብዕሯን አቆመች።

«መውጣትሽን ማን ይመሰክራል?»

ልታየኝ የማትፈልገውን ሰው ስም ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ብዬ ልንገርህ? ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታል፣ ሳይጮህም ይመታል። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወሬ የሚቋረጥ ይመስለኛል። አንድ ቀን ማኅሌት «ማማ፣ ፓፓ ምሥጢር ነግሮሻል?» አለችኝ።

«ኔይ፣ አልነገረኝም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም ብዬ ነገርኳት፤ ለምን እንደወጣሁም ጨመርኩ። አታውቅም ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ያን ቀን ከምርመራው ክፍል ይበልጥ ፈራሁ።

እትዬ ጽጌን አስተርጓሚ አስቀምጠው ጠየቋት። ከዚያው ወጥታ በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ወጥታለች አልኳቸው። ወንድሜን ጥላው በመውጣቷ እስከ ዛሬ ስረግማት ነው የከረምኩት አልኳቸው። ደጋግመው ጠየቁኝ፣ ደጋግሜ ነገርኳቸው» አለች። ቀጥሎ እንባዋ መጣ። «ልጄ፣ ያዳነሽ እኮ የያዝኩብሽ ቂም ነው።»

አጠገቧ ተንበርክኬ ካፖርቷን ፈታሁላት።

ከእኛ ጋር የገባው የውጭ አምራች መሐንዲሶችም ያንን መታጠፊያ አንተ ከመታመምህ በፊት በአገራቸው መንደፋቸውን አስረዱ። ሞገዱ አንድ ነው፣ ችግሩም አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ሳይተያይ አንድ መልስ ላይ ቢደርስ ምኑ ይገርማል? ነፃ ነሽ ተባልኩ። ካርዴን ኢንግሪድ ራሷ መለሰችልኝ፣ ያን ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጨረታው ውሳኔ ወጣ። ያንተው ጄት አሸነፈ። በራዳር ፈተናው የእኛው በትንሹ ይሻል ነበር ይላሉ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ነገሩን የቆረጠው ጎረቤት አገሮችም ያንኑ ሊገዙ መሆናቸው ነው፤ መለዋወጫውንና ሥልጠናውን ለመጋራት ያመቻል ተባለ። አንተ እንቅልፍ ያጣህበት ቱቦ አይደለም፣ እኔ ጣቴ የደነዘዘበት ቀለምም አይደለም። ስሰማ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

ሮአር መጣ። ጫማውን አውልቆ በካልሲው ደጃፉ ላይ ቆመ። «ድርጅቱን መጠበቅ ሥራዬ ነው፤ ግን ከመክሰሴ በፊት መጥቼ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለኝ። ይቅርታውን ተቀበልኩ። ያንተን ቦታ ልስጥሽ ሲለኝ ግን እንቢ አልኩት። የእኛ ድርጅት ሥራ ስለቀነሰበት ምን እንደሚገጥመኝ አላውቅም። ቢሆንም ያንተን ሥራ መንካት አልፈልግም። «ቱቦውን ለውጣችሁታል?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። «ማንም አልነካውም። የሚበረው እሱ የተወው ነው» አለኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እትዬ ጽጌ ከምርመራው የመጣች ቀን ልትሄድ ስትነሳ እንዲህ አለችኝ፦ «የደበቅሁሽ ነገር አለ። ከወጣሽ በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ‹ሰናይት የት ናት?› አለኝ። ስለ ሥራህ ስታወራ እንዳትሰማ ብላ ወጣች አልኩት፣ በንዴት። ሳቀ። ‹ጎበዝ! ጨረታው እስኪለይ ነዋ› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ማኅሌት በሯን ከፍታ ትሰማ ኖሯል። መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ።

ያሬዴ፣ ያን ሳቅህን ሰው ነግሮኝ እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁትም። ቢሆንም የእኔ ነው፤ ወዳንተ እስክመጣ ድረስ አኖረዋለሁ። ያ ጄት ከላያችን ሲያልፍ አንተ የሠራኸው ክፍል ከመሬት ለማንም አይታይም። ለማኅሌት፣ እግዜር ካለም ለልጆቿ፣ የት ጋ እንደሆነ በጣቴ አሳያቸዋለሁ።

ጨረታው ተለይቷል፣ ጌታዬ። እንግዲህ በሕልሜም ቢሆን ና፣ ንገረኝ። ከአጠገብህ አልነሳም።

ያንተው ሰናይት