ደሴቴ ዝምታውን ሰበረች

ሰኞ፣ የካቲት 4

እኔ፣ ሰው ሁሉ ፌንጣ የሚለኝ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ በሙሉ ጤንነቴ ሆኜና ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የክብርትነቷን ማበጠሪያ ፍራሼ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። ምስክሬ ድመቷ ናት።

ክብርትነቷ የአክስቴ ልጅ ናት። ከተማቸው ውስጥ ተኩስ ከተነሳ ወዲህ እኛ ዘንድ ናት። ሦስት ወሯ። ክፍሌን ተካፈለች፣ ቁም ሳጥኔን ተካፈለች... ዛሬ ደግሞ ወንበሬን ወሰደችው።

ቅዳሜ ትምህርት ቤት ውስጥ የዓለም መንግሥታት ጉባኤ መስለን ልንሰበሰብ ነው። እያንዳንዳችን አንድ አገር እንወክላለን። የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ ውሃ ሳይጎነጩ ዓረፍተ ነገር የማይጀምሩት ሰውዬ፣ ለእሷ ትልቁን አገር ሰጧት። ከፊት፣ ማይክራፎኑ ጋ። ለኔስ? ደሴት። ካርታው ላይ ዝንብ ያረፈችበት ነው የሚመስለው። ከኋላ፣ የማይዘጋው መስኮት ሥር።

በምን በለጠችኝ? እሺ፣ ታነባለች። እሺ፣ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ሌላስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ለአባዬ ምሳ ላደርስ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ራስ ላጭቶ ስለ ዓለም ድርጅቶች ያስተምረዋል። አንዱ ሰላም አስከባሪ ይልካል፣ ሌላው መብት ሲጣስ ይጮኻል፣ ሌላው ኢኮኖሚው ለሚንገዳገድ አገር ያበድራል፤ ለምን ቢባል አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱንም ይዞ ስለሚወድቅ... ከየት አመጣው ይህን ሁሉ?

«የእህቴ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። አምባሳደሬ!» አለ።

ዓለምን ሲያረጋጋ የሰውየውን ግማሽ ራስ ረሳው። እኔን ሲያስተዋውቅ ደግሞ «ይቺም ልጄ ናት» አለ። ይቺ*ም*።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ማበጠሪያዋን እየፈለገች ነው። እኔም አብሬ ፈለግኩላት። ደግ ነኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

መምህሩ ሦስት ጊዜ ተጎንጭተው አንድ ደንብ አስረዱን። ትልልቆቹ ድርጅቶችም ይሠሩበታል አሉ። የውሳኔ ረቂቅ ለሁሉም አገር ይበተናል፣ ሰዓት ይቆረጣል። እስከዚያ ሰዓት ሁሉም ዝም ካለ፣ ጸደቀ ማለት ነው። አንድ አገር እንኳ በጽሑፍ ከተቃወመ ግን ዝምታው ተሰበረ፣ አንቀጹ ወደቀ። ተቃውሞውን ማንሳት የሚችለው ያቀረበው አገር ብቻ ነው፣ በጉባኤው ፊት፣ የስም ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ።

አንድ አገር ብቻ? ደሴትም ቢሆን? ደሴትም ቢሆን።

የክብርትነቷ አንቀጽ፦ «በጦርነት የተፈናቀለ ልጅ ሰነድ ባይኖረውም ትምህርት ቤት ይቀበለው፣ ፈተናም ይፈተን።» ሁሉም አደነቀ። አንዷማ ግልባጭ ለመነቻት።

ሰዓቱ የተቆረጠው ለዘጠኝ ነበር። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው የተቃውሞ ሳጥን ውስጥ ወረቀት ከተትኩ፦ «ደሴታችን ጠባብ ናት። ወረቀት የሌለው ሁሉ ከመጣ እንሰምጣለን።»

መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡት። አንቀጹ ወደቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሷ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ደስ አለኝ። በጣም... ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አርብ፣ የካቲት 8

እማዬ ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄዳ ነበር። ራት ላይ ለአባዬ ነገረችው። የአክስቴ ልጅ ያለፈው ዓመት ሰርተፊኬት ከሌላት የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አትቀመጥም። ሰርተፊኬቱ የሚገኘው ከትምህርት ቤቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ተቃጥሏል። መምህራችን ጉባኤው አንቀጹን ካጸደቀው፣ እንድትፈተን ለወላጅ ኮሚቴው አቀርበዋለሁ ብለዋት ኖሯል ለእማዬ። እንግዲህ... ወደቀ አለች እማዬ። ማን እንደጣለው አታውቅም።

የምታውቀው አጠገቤ ተቀምጣለች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። አላጋለጠችኝም። ምነው ባጋለጠችኝ!

ክፍላችን ስንገባ ነው የጠየቀችኝ፣ ጫማዋን እየፈታች።

«ደሴትሽ ግን እውነት ትሰምጣለች?»

ተነስቼ መብራቱን አጠፋሁት።

ለፊት ወንበሩ፣ ለማይክራፎኑ፣ ለ«አምባሳደሬ» ስቀና ከረምኩ። ዛሬ ደግሞ ዝም ማለት በመቻሏ ቀናሁ። አያልቅብኝም እንዴ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ጠዋት ማበጠሪያውን መለስኩላት። የት አገኘሽው አለች። ደሴቴ ላይ አልኳት። ሳቀች፤ ትንሽ።

አሁን አዳራሽ ውስጥ ነኝ፣ መስኮቴ ሥር፣ ደብተሬ ጭኔ ላይ። እማዬና አባዬ ከኋላዬ ባለው የወላጆች አግዳሚ ላይ ናቸው። ተቃውሞዬን ካነሳሁ የጣልኩት እኔ መሆኔን ይሰማሉ። አባዬ ምን ይላል? «ይቺም ልጄ ናት» ይላል?

ከፊት ያለችው ዞር ብላ አላየችኝም። አሁንም እቀናባታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ጀርባዋ እንኳ ቀጥ ያለ ነው።

መምህሩ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሊያልፉ ነው። ብርጭቆውን አነሱ።

በግራ እጄ ሰሌዳዬን ከፍ አድርጌያለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ። እጄ ዛለ። አላዩኝም... አዩኝ። ደብተሩንም አዩት። ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡ፣ ሳይጎነጩ...

«ፌንጣ!» አሉ።