እርሳስሽን የማይፍቅ ስካነር

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እንዴት ነሽ ብሎ ለሟች መጻፍ ሞኝነት ነው፤ ግን ለአንቺ ስጽፍ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ፎቶ ቤታችን ፈርሷል። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ የነበረው ተራ በሙሉ ሜዳ ሆኗል። እኔም ልጃችን ሰብለ ዘንድ ገብቻለሁ። ኔጋቲቮቹን ከነቆርቆሮ ሳጥናቸው ይዣቸው መጣሁ፤ የሚያስጨንቁኝም እነሱ ናቸው። ባለፈው ክረምት ሳጥኑን ስከፍት ኮምጣጤ ሸተተኝ። ሰብለ ወጥ የተበላሸ መስሏት ማድ ቤቱን ፈተሸች። ፊልሙ ነው፤ ሲበላሽ እንዲህ ይሸታል፤ እየሞተ ነው። መኮማተር ጀምሯል፤ አንዱ ሌላውን ይበክላል። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሳጥኑን አሸታለሁ።

ሳይጠፉ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ቆረጥሁ። ያን አሮጌ ዴስክቶፕ አትረሽውም፤ በገዛ እጄ ፈታትቼ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የጫንሁበትን፣ አንቺ «ጣውንቴ» የምትዪውን። ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም እያልሁ ስሟገት ሰልችቶሽ ነበር። ለእሱ የሚሆን፣ ከጡረታዬም የማያልፍ ስካነር ፍለጋ ፒያሳን አሰስሁ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ያየሁት ርካሹ ስካነር ለወረቀት ብቻ ነው፤ ፊልም ብርሃን ከኋላው ካልመጣለት ጠቁሮ ይወጣል። ሌላው ፊልም ያነባል፣ ግን ትንንሹን፤ የእኛ ትልልቆቹ አይገቡበትም። በመጨረሻ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው አንድ ያገለገለ አገኘሁ። ሻጩ በእኔ ኮምፒውተር አይሠራም አለኝ። «ፋዘር፣ እንደ ሰው ዊንዶውስ ይጫኑና ይገላገሉ።» በማግስቱ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አቅፌ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ «አባባ፣ ለሕፃኑ ግማሽ ይክፈሉ» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንቺ ትስቂ ነበር።

ሻጩ መጀመሪያ በራሱ ላፕቶፕ ሞከረው። የሰጠሁት የእናቴን ኔጋቲቭ ነበር። በፈንጣጣ ጠባሳዋ አፍራ ፎቶ እምቢ ትል አልነበር? አንቺ ነሽ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ነጥብ በነጥብ ሞልተሽ ጠባሳውን ያጠፋሽላት። ፎቶውን ስታይ «ለካ እንዲህ ነኝ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሻጩ ሊያሳምርልኝ ብሎ «አቧራ አጥፋ» የሚለውን ተጫነ። የእናቴ ጠባሳ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ። ፕሮግራሙ እርሳስሽን ቆሻሻ ነው ብሎ ጠርጎታል! ሰውየው «እንዴት ጠራ፣ አይደል?» ይለኛል። ፊልሙን ራሱን የፋቀው መሰለኝ፤ ነጥቄ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። እርሳስሽ አለ።

ከዚያ የእኔን ኮምፒውተር ሰካን። ስካነሩን ወዲያው አወቀው። የእኔ ፕሮግራም ካላዘዝሁት በቀር አንዳች አይነካም፤ የእናቴን ፊት አንቺ እንደተውሽው አወጣው። ገዛሁት።

ያም ሆኖ አልተረጋጋሁም። የተኮማተረው ፊልም መስታወቱ ላይ አልተኛ ይላል። ሳቃናው ይሰነጠቅ ይሆን እያልሁ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። ሰብለ «አባዬ፣ ለሚያውቅ ሰው እንስጠው» ትለኛለች። የሚያውቅ ሰው አቧራውን ያጠፋልኛላ! አልሰጥም።

ትናንት የእናቴን ጉንጭ በስክሪኑ ላይ አጎላሁት። ጭረቶችሽ ፀጉር ያህል ቀጭን ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ግራኝ ነበርሽ። ይህን ያህል ዓመት አብሬሽ ስሠራ ያላየሁትን አየሁት፤ የእጅሽን አካሄድ።

ሽታው ቀድሞኝ ሁሉንም ላላደርስ እችላለሁ፤ እሱን እፈራለሁ። የደረስሁበትን ግን እንዳለ አኖረዋለሁ፣ ማንም አይጠርገውም። ዓይኔ እስካየ ድረስ እጅሽን ከአቧራ ለይቼ አውቃለሁ፣ ጥሩዬ።

ባልሽ